ሉጥፊያ ፒኗን ለምን በቀኝ በኩል ሰካቻት?

"አውልቂያት አልኩሽ!"

ሉጥፊያ የሻዩን ትሪ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች... ፒኗን ግን አልነካቻትም።

ካርቱም፣ ጣኢፍ ሰፈር፣ የማዳም ዐዊያ ሳሎን። ቀኑ ዒድ ነው።

የሚጮኹት እንግዳው ኮሎኔል የሕያ ናቸው። ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፤ ሰው ማዘዝ ግን አልለቀቃቸውም።

ያስጮኻቸው ደግሞ የቤት ሠራተኛዋ ቀሚስ ላይ የተሰካች፣ ከሸሚዝ ቁልፍ የማትበልጥ፣ የመልህቅ ምስል ያለባት ፒን ናት።

"ይቺ በጦርነቱ ለሠሩ የንግድ መርከበኞች ከሜዳሊያ ጋር የምትሰጥ ናት። ሜዳሊያው ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል፣ ፒኗ በየቀኑ ልብስ ላይ ትደረጋለች። አንቺ ከየት አመጣሻት?"

"የራሴ ናት፣ ጀናብክ" አለች፣ ሱዳኖች መኮንንን በሚጠሩበት ማክበሪያ።

ኮሎኔሉ ከት ብለው ሳቁ።

"የራስሽ ብትሆን በግራ፣ በልብ በኩል እንደምትሰካ ታውቂ ነበር! አንቺ በቀኝ ሰክተሻታል። ይሄ ሸፍሸፋ ነው!"

ሸፍሸፋ... በጦርነቱ ከሰው ቤት የተዘረፈ ዕቃ ካርቱም ውስጥ እንዲህ ነው የሚባለው።

ከስደት ሲመለሱ ቤታቸው ባዶውን የጠበቃቸው ማዳም ዐዊያ ቃሉን ሲሰሙ ፊታቸው ተለዋወጠ።

"ወላሂ ፖሊስ እጠራለሁ! ኢቃማሽንም፣ የመኖሪያ ፈቃድሽን፣ አስቀማሻለሁ!"

የወሎዋ ልጅ ሉጥፊያ ደሟ ፈላ። ስድስት ወር ሙሉ ቤታቸውን ጠርጋ፣ ልጆቻቸውን አጥባ... ሌባ?

ከቀሚሷ በላይ የምትጠቀለልበትን ረጅም ጨርቅ፣ የቶቧን ጫፍ አንስታ እንደ ሱዳን ሴቶች ሁሉ ወደ ግራ ትከሻዋ ወረወረችው። ግራ ደረቷ ሙሉ በሙሉ ተሸፈነ።

"አያችሁ? ቶብ የሚለብስ ሰው በግራ ቢሰካት ማን ያይለታል? ደንቡን ያወጡት ኮት ለባሾች ናቸው። እኔ እንድደብቃት አልተሰጠችኝም!"



"ከጀርባዋ የተቀረጸው ቁጥር አስራ ሰባት ነው። ይደውሉና ያጣሩ። እኔ ግን አላወልቃትም!"

ኮሎኔሉ ፖርት ሱዳን የሚኖር ካፒቴን ጂብሪል የሚባል የመርከብ አዛዥ ወዳጅ ነበራቸው። ደወሉለት፤ ሁሉም እንዲሰማ ስፒከሩን ከፈቱት።

"አስራ ሰባት? እሷማ ሉጥፊያ ናት! የመርከባችን ምግብ አብሳይ! ድሮን ወደቡን የመታ ቀን ዱቄት ልናመጣ ልንወጣ ነበር። ወንዶቹ በሙሉ አንሄድም ብለው ወረዱ። እሷ ድስቷን ተሸክማ ብቻዋን መርከቡ ላይ ወጣች። 'ዱቄቱ በእግሩ አይመጣም! ያላ!' ብላ ጮኸችብን። አፍረን ተከተልናት... ለመሆኑ ደህና ናት?"

ኮሎኔሉ የሚገቡበት ጠፋቸው።

ማዳም ዐዊያ እንባቸው መጣ። "ውይ ሉጥፊያ... ለምን አልነገርሽንም?"

"ጠየቃችሁኝ እንዴ? ሻይ አምጪ፣ ልብስ እጠቢ ከማለት ሌላ ማን ነሽ ያለኝ አለ?"

ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች። ማዳም እስከ ውጭ በር ተከትለው ለመኗት። ሪክሻ፣ የካርቱሙን ባጃጅ፣ አስቁማ "ሐጅ ዩሱፍ ሰፈር!" አለች እንጂ ዞራም አላየቻቸውም።

እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ነው... "ሌባ" ለማለት የሚፈጥን አፋችን "ማን ነሽ?" ለማለት ለምን ይተሳሰራል? ቤታችን የምትሠራ ሴት ሕይወቷ እኛ በር ላይ የጀመረ ይመስለናል። አልጀመረም! ሰውን ከመፈረጃችን በፊት ታሪኩን እንጠይቅ።

እናንተስ? በሉጥፊያ ቦታ ብትሆኑ ይቅርታቸውን ተቀብላችሁ ሥራችሁን ትቀጥሉ ነበር... ወይስ እንደሷ ጥላችሁ ትወጡ ነበር? ሳትደብቁ ጻፉልኝ።