የመክፈቻው ገጽ

የመጀመሪያው የኮምፒውተር ጌም ሲወጣ ስሟ አልነበረበትም። ስምንት ወር ሙሉ ዐይኗ ደም እስኪመስል እየተጫወተች ስህተቱን የለቀመችው እሷ ሆና ሳለ፣ መክፈቻው ላይ የተነበበው የአለቃዋ የኪሩቤል ስም ብቻ ነበር። ስትጠይቀው ሳቅ ብሎ፣ "አንቺ እኮ የተጫወትሽው ነው፤ የሠራነው እኛ ነን" አላት። ቂሟን ቋጥራ ወደ ወንበሯ ተመለሰች።

በሁለተኛው ጌም የምትፈልገውን አገኘች። የመክፈቻው ሙዚቃ ሳያልቅ የማስጀመሪያው ቁልፍ ከተነካ፣ ስም የተጻፈበት ገጽ ስታክ አድርጎ ይቀራል፤ በምንም አይነቃነቅም። ለማንም አልተናገረችም። በምርቃቱ ቀን የሚጣደፍ ተጫዋች አይጠፋም፤ ያን ጊዜ የኪሩቤል ስም በሰው ፊት ተገትሮ ይዋል!

"የቀረ ስህተት አለ?" አላት በዋዜማው።

"ምንም የለም" ብላ የፍተሻውን ወረቀት ፈረመች።

"ተባረኪ! እንግዲያው መክፈቻውን ትንሽ ነካ አድርጌ ልዝጋው።"

ስሙን ሊያገዝፈው ነው፣ አለች በሆዷ። ያግዝፈው!

በምርቃቱ ቀን አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ለመጫወት የተጋበዘችው ጋዜጠኛ ሙዚቃው ገና ሲጀምር ቁልፉን ተጫነችው። ገጹ ደረቀ። ሰው ማጉረምረም፣ ከዚያም መሳቅ ጀመረ። ኪሩቤልን ላብ አጠመቀው። እሷ ከኋላ ወንበር ሆና የተገተረውን ስም አይታ ልትጠግብ ቀና አለች።

ግድግዳ በሚያህለው ስክሪን ላይ፣ በትልልቅ ፊደል፣ የራሷ ስም ነበር፦

"ይህን ጌም ፈትሻ እንከን የለሽ ያደረገችው፦ ምንታምር ዘለቀ።"