በእስክሪብቶ ብቻ

«ይኸው፣ ፈርማበታለች» ትለኛለች ወይዘሮ ኤውላልያ፣ ቅጹን በሬጅስትራር መስኮቴ ስር እያሾለከች።

ስሙን ሳላነብ አውቀዋለሁ። ኢትዘል ባራሃስ፣ ዐሥራ ሰባት ዓመት። ሃይስኩል ሳትጨርስ ኮሌጃችን ገብታ የሁለት ዓመቱን ትምህርት ጥንቅቅ አድርጋ የጨረሰች ልጅ። ለእንዲህ ዓይነቶቹ የሃይስኩሉንም ዲፕሎማ የምንሰጠው እኛ ነን፤ ግን ተማሪው ራሱ ፈርሞ ካልጠየቀ የለም።

መጋቢት ላይ፣ በረዶ በጣለበት ቀን፣ በእርሳስ ፈርማ መጣች። «በእስክሪብቶ ብቻ» አልኳት። «ያውሱኛል?» አለች። አጠገቤ አንድ ኩባያ ሙሉ እስክሪብቶ ነበር። ተማሪው እየወሰደ ስለሚያስቀርብኝ ክፉ ሆኜ ነበር። «ሱቅ መሰለሽ እንዴ? ገዝተሽ ነይ! ደግሞ የመጨረሻው ቀን ዛሬ ነው።» ስቃ ወጣች። እስክሪብቶ የሚሸጥበት ቅርብ ቦታ፣ የነዳጅ ማደያው ሱቅ፣ ከድልድዩ ማዶ ነው። ስትመለስ ድልድዩ ላይ መኪናዋ ተንሸራተተ። መሞቷን ኮሌጁ ሁሉ ሰምቷል፤ ምን ልትገዛ እንደወጣች ግን ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም።

«ቦርሳዋን ፖሊስ ሰጠኝ፤ ቅጹ ውስጡ ነበር» ትላለች እናቷ ወይዘሮ ኤውላልያ። ከምትሠራበት የፖም ማሸጊያ አስፈቅዳ ነው የመጣችው፤ የፀጉር መሸፈኛዋን እንኳ አላወለቀችም። «ቀኑ አልፏል አትበይኝ፣ የኔ እህት። ከቤታችን ሃይስኩል የጨረሰ የለም። ስሟን መቃብር ላይ ብቻ አልየው።»

«ኧረ አልልም!» በሰማያዊ ቀለም ከተፈረመው ፊርማ አጠገብ ማኅተሙን እመታለሁ።

«አንድ ነገር ግን አልገባኝም። ቅጹን አስገብቼ ቀጥታ ቤት እመጣለሁ ብላኝ ነበር። ፖሊሱ አደጋው የደረሰው ወደ ኮሌጁ ስትመለስ ነው አለኝ። ምን ረስታ ይሆን?»

ንገሪያት እንጂ፣ አንቺ ጨካኝ፣ እላለሁ ለራሴ። ወደ ማተሚያው እዞራለሁ።

ዲፕሎማው ከማተሚያው ትኩሱን ይወጣል። ደረቷ ላይ ለጥፋ ትይዘዋለች። መረከቢያው ላይ ለመፈረም ከልጅቷ ቦርሳ ሰማያዊ እስክሪብቶ ታወጣለች፤ የማደያው የዋጋ ወረቀት ገና አልተላጠም። ፈርማ መስኮቱ ላይ ትተወዋለች።

«እዚሁ ይሁን፤ የሚቸገር ልጅ አይጠፋም» ብላ ትወጣለች።

ከኋላዋ የቆመችው ተማሪ ቅጿን ይዛ ትጠጋለች። ሰማያዊውን ታነሳዋለች።

«እትዬ፣ ይኼ ይጽፋል?»

«ይጽፋል» እላታለሁ።