ከ«ቅዳሜ» ቀጥሎ

«የልጄን ጽሑፍ እንዳታጠፊብኝ!» አለች እናቴ።

«ኧረ እማዬ፣ ምን በወጣኝ! የምተይበው የት እንደሚገባ ነው የማስተካክለው።»

ወንድሜ ሲሞት ከሚሠራበት ከተማ ያመጡልን ኮምፒውተር ስክሪኑ ለሁለት የተከፈለ ነው። በቀኝ በኩል ለእናቴ የጀመረው ደብዳቤ አለ፤ «እማዬ፣ ቅዳሜ» ይልና ያቆማል። እኔ በግራ በኩል ለጓደኞቹ መርዶውን ስጽፍ የምተይብበትን ቦታ የሚያሳየው ጠቋሚ ወደ እሱ ደብዳቤ እየዘለለ አስቸገረኝ። በኪቦርዱ ቁልፍ ካላዘዝኩት በቀር እንዳይነቃነቅ ቅንብሩን ቀየርኩ።

አሁንም ዘለለ።

«አላልኩሽም? ልታበላሺው ነው!»

«በቃ እማዬ፣ አልነካውም» አልኩና የኪቦርዱን ገመድ ነቅዬ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት።

ከ«ቅዳሜ» ቀጥሎ «እመጣለሁ» የሚል ቃል ፊደል በፊደል ተጻፈ።

እናቴ አነበበችው። ተነስታ የወንድሜን አልጋ ማንጠፍ ጀመረች።