የሦስት ሰዓት መንገድ

"አንዱን ከተማ አንቺ ምረጪልኝ" ትላለች የቤቱ ልጅ፣ የእስያን ካርታ መተኮሻው ጠረጴዛ ጫፍ ላይ ዘርግታ። ከሚኖሩበት ከተማ ወደ ሌላ የእስያ ከተማ በአውሮፕላን ስንት ኪሎ ሜትር ነው? ስንት ሰዓትስ ይፈጃል? የቤት ሥራው ይኸው ነው።

ሠራተኛዋ ካውያውን አቁማ ጣቷን ካርታው ላይ ታሳርፋለች። ሳታስበው እህቷ ያለችበት ከተማ ላይ ነው ያረፈው። ሁለቱ እህትማማቾች ለሰው ቤት ሥራ ባንድ ሳምንት ከአገር ወጥተው፣ አንዷ እዚህ አንዷ እዚያ ቀሩ። ከተያዩ አራት ዓመት ሆናቸው። ዛሬ ታናሿ ሆዷን ልትቀደድ ሐኪም ቤት ተኝታለች።

ልጅቷ በማስመሪያ ለክታ፣ አባዝታ፣ አካፍላ ቀና ትላለች። "ሁለት ሺህ ሰባት መቶ ሃያ ኪሎ ሜትር! ሦስት ሰዓት ከአሥራ ሁለት ደቂቃ።"

"ደግመሽ አስዪው የኔ እናት፤ ተሳስተሻል።"

"አልተሳሳትኩም! ቁርስ በልተሽ ብትነሺ ለምሳ ትደርሻለሽ።"

ሦስት ሰዓት። የዚህን ቤት የሳምንት ልብስ ተኩሶ ለመጨረስ እንኳ አይበቃም። እሷ እኮ እህቷን ሰማይ ጥግ ያለች አድርጋ ነበር የያዘቻት። እንደዚያ እያሰበች ነው የቻለችው።

ኪሷ ውስጥ ስልኳ ይንቀጠቀጣል። የእህቷ ጓደኛ ናት። "ሊያስገቧት ነው፤ ቆይ ላገናኝሽ።"

"እታለም?" ይላል የደከመ ድምፅ። "ስነቃ ማንን ነው የማየው?"

"እኔን!"

ስልኩ ይዘጋል። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ አይመለስም።

ሳሎን ትገባለች። የልጅቷ እናት፣ ማዳም፣ ጥፍሯን እየቀባች ነው።

"ማዳም፣ ፓስፖርቴን ይስጡኝ። እህቴ..."

"ተነጋግረናል እኮ! ኮንትራትሽ ሲያልቅ። ደግሞም ያለው ባለቤቴ ካዝና ውስጥ ነው።"

"ይደውሉለት።"

"አሁን ሥራ ላይ ነው። ሂጂ፣ ልብሱን ጨርሺ።"

አራት ዓመት ሙሉ "እሺ" ስትል ኖራለች፤ አሁንም ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሷል። የውጭው በር እንደ ወትሮው ተቆልፏል፣ ቁልፉ ማዳም ቦርሳ ውስጥ ነው። መስኮቱ ስምንተኛ ፎቅ ላይ ነው። ወዴትም መሄጃ የላትም።

ሽርጧን ትፈታለች። እጥፍ አድርጋ ታስቀምጠውና ከማዳም ፊት ለፊት ያለው ሶፋ ላይ ቁጭ ትላለች።

"ምን እየሠራሽ ነው?"

"እስኪደውሉለት እጠብቃለሁ።"

ማዳም ትጮሃለች፣ ፖሊስ እጠራለሁ ትላለች፣ ክንዷን ይዛ ትጎትታታለች። እሷ ንቅንቅ አትልም። በመጨረሻ ማዳም ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ስልኳን አንስታ ባሏ ጋ ትደውላለች። ይጠራል። ይጠራል።

ሠራተኛዋ ከሶፋው አትነሳም። ይህን ሶፋ አራት ዓመት አቧራውን አራግፋለታለች፤ ሰው ሲቀመጥበት ይህን ያህል ወደ ውስጥ እንደሚያሰጥም ግን አታውቅም ነበር።