ሠላሳ እንቁላልና አንድ ፎቶ

የቀራንዮ ሰው ዶክተር ወንድይፍራውን «ታቃፊው» ይለዋል። አይፈረድበትም። አገር ምድሩ በአብዮት ሲታመስ፣ የተማረ ሰው ሦስት ዓመት ሙሉ በፋኖስ እንቁላል ሲያሞቅ ከርሞ ሌላ ምን ይባል?

የሚያጠናው የጫጩት አንጎል ከመፈልፈሉ በፊት እንዴት እንደሚያድግ ነው። «ሴሎቹ ሁሉ የወረሱት አንድ ነው» ይላል ለጠየቀውም ላልጠየቀውም። «ግን አንዱ ትእዛዝ ይከፈታል፣ ሌላው ይዘጋል። የሚለያዩት በዚያ ነው።» ወሬ! አሁን የቀሩት የመጨረሻዎቹ ሠላሳ እንቁላሎች ናቸው። እነሱ ከተበላሹ የሦስት ዓመት ልፋቱ ገደል ገባ።

አንድ ጠዋት የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ በየነ ከተፍ አለ። ከጭንቅላቱ ሽጉጡ የሚከብድ ሰው ነው። የአንድ ጫካ የገባ ባላባት ልጅ እዚሁ ቀራንዮ ውስጥ ተደብቃለች ተብሏል፤ እሷ ከተያዘች አባቷ እጁን ይሰጣል። በየነ የሰፈሩን ሴት ልጆች ሰብስቦ ዶክተሩ ግቢ ውስጥ ደረደራቸው። የባላባቱን ልጅ ፎቶ የያዘችለት እሙ ናት፤ የበየነ ሚስት አየለች አምና ከገጠር ያመጣቻት የእህቷ ልጅ። ሻሿን ጠበቅ አድርጋ አስራለች።

«አንተ የዘር አዋቂ ነህ አሉ» አለ በየነ። «ዘር ከልጓም ይስባል። የባላባቱን ልጅ ለይልኝ!»

«ዘር በመልክ አይለይም፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

«አይለይም? እሙን እያት እስቲ! የጭሰኛ ልጅ መሆኗ ከግንባሯ ይነበባል። እናንተ ምሁራን እንኳን ሰው፣ እንቁላልም አታውቁ!»

ልጆቹ ሳቁ። እሙም ከት ብላ ሳቀች፤ ሻሿ ሸርተት አለ።

ዶክተሩ ፎቶውን ተቀብሎ አጉሊ መነጽሩን አወጣ። የሁለት ዓመት ሕፃን፣ ደብዛዛ። አየ፣ ደግሞ አየ። ልጆቹን አንድ በአንድ ቃኘ። ላብ አጠመቀው። ፈሪ!

«ተናገር! አለዚያ እንቁላልህን አፈር አስግጠዋለሁ።»

ዶክተሩ በረንዳው ላይ ያለውን የእንቁላል ሣጥን ተመለከተ። «ከተሰለፉት ውስጥ የለችም» አለ።

በየነ ሣጥኑን በእርግጫ መታው። ሠላሳው እንቁላል መሬት ላይ ተከሰከሰ። ልጆቹን በትኖ እየተሳደበ ወጣ። ወይ ጉድ! አንዷን ጠቁሞ ቢገላገል ምን ነበረበት? የዶክተር ጅል ደግሞ አይጣል ነው።

እሙ ፎቶውን ልትቀበል ወደ ኋላ ቀረች። ዶክተሩ ሰጣትና ጎንበስ ብሎ ሻሿን አስተካከለላት።

«ቀኝ ጆሮሽን ሁልጊዜ ሸፍኚው» አላት በሹክሹክታ። «ስንጥቁ ፎቶሽም ላይ ይታያል።»