ከመስመሩ በታች

«ከፍ አድርጊው!» አለ አባቷ ከግድግዳው አጠገብ ሆኖ። «አሁንም መሬት መሬቱን ነው የሚያየው።»

ሴት ልጁ ከሚኒባሱ ፊት ተንበርክካ የፊት መብራቱን ብሎን በካቻቢቴ አዞረች። የመኪና ኤሌክትሪክ ሥራ ከጀመረች አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ እንዲህ የሚነዘንዝ ደንበኛ ግን ገጥሟት አያውቅም። አባቷ ዛሬ ጠዋት የሚያመላልሳቸውን ተማሪዎች አድርሶ በቀጥታ ጋራዧ መጣና «መብራቱ ደክሟል፤ ያንን አዲሱን ነጭ አምፖል ግጠሚልኝ፣ መንገዱን ቀን ያድርገው» አላት። ያ አምፖል አይፈቀድም፤ ብትገጥምለት ነገ የመኪናው ዓመታዊ ምርመራ ላይ ከበር ይመልሱታል። ስለዚህ የሚፈቀደውን ሁሉ አደረገች። የደበዘዘውን መስታወት ፈግፍጋ አጠራች፣ ወፍራም ሽቦ ዘረጋች፣ ከተፈቀዱት አምፖሎች ደማቁን አስገባች። መብራቱ አሁን አዲስ መኪና ያስቀናል።

የቀረው የብርሃኑ ከፍታ ልኬት ብቻ ነበር። በሩን ዘግተው ግድግዳው ላይ በጠመኔ መስመር አሰመሩ። የብርሃኑ ጠርዝ ከመስመሩ በላይ ከወጣ ከፊት የሚመጣውን ሹፌር ዓይን ይወጋል፤ ምርመራውም ይጥለዋል። አንዱ ብሎኑን ያዞራል፣ ሌላው ግድግዳው ሥር ቆሞ ይጠራል። ይህን ያስተማራት አባቷ ነው። ያኔ ጥቂት ስትስት «ዓይንሽን የት ጥለሽው መጣሽ?» እያለ ያበሽቃት ነበር።

«ትንሽ... ትንሽ... በቃ! ልክ መስመሩ ላይ። ዓይን ማለት እንዲህ ነው!»

ቀና ብላ አየች። ብርሃኑ ከመስመሩ አንድ ስንዝር በላይ ነው።

ክው አለች። የሚቀልድ መስሏት ፊቱን አየችው። አይቀልድም። እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ፣ ደስ ብሎት ግድግዳውን ያያል። ዛሬ ጠዋት አሥራ አራት ሕፃናት ያጓጓዘው በዚህ ዓይን ነው።

ብሎኑን መልሳ አዞረች። ብርሃኑ ቀስ እያለ ወርዶ ከመስመሩ በታች ሆነ። አባቷ ያየው ነገር የለም።

«ጨረስሽ? ነገ ያልፋል አይደል?»

«መኪናው ያልፋል፣ አባዬ።»

ድምጿ ከዳት። እሱም ሰማው። ግድግዳው ድረስ ተጠግቶ፣ ፊቱን ሊያስነካው ምንም ሳይቀረው፣ የጠመኔውን መስመር በጣቱ ፈለገ።

«ስንት ሳትኩ?»

«ስንዝር።»

«ስንዝር» አለ ቀስ ብሎ። «ለእናትሽ እኔው እነግራታለሁ። ልጆቹ ዘጠኝ ሰዓት ይለቀቃሉ፤ አንቺ ንጂ።»

በገዛ መኪናው ከጎን ወንበር ሲቀመጥ ይህ የመጀመሪያው ነው። እጆቹን የት እንደሚያደርጋቸው ግራ ገብቶት ጭኑ ላይ አኖራቸው። አልቅሺ አልቅሺ አላት፤ ዋጥ አድርጋው ነዳች።

መታጠፊያው ጋ አንዲት ሴት ድንገት መንገድ ገባች። ልጁ ፍሬን ያዘች። ሚኒባሱ ከቆመ በኋላ፣ አፍታ ዘግይቶ፣ የአባቷ ቀኝ እግር ፍሬን የሌለበትን ባዶ ወለል ረገጠ።