የማክሰኞ እንግዳ

ሆባርት ፔንሊን በአሜሪካዋ ኖክስቪል ከተማ የማያውቀው ሰው አልነበረም። ሰው በጨዋታ ሰብስበው መድኃኒት ከሚሸጡ አዟሪዎች ጋር ከገበያ ገበያ ሲዞር፣ የፊት ጥርሱን በጥላሸት አጥቁሮ፣ ክራር መሳዩን ባንጆውን ጀርባው ላይ አዙሮ እየደረደረ ገበሬውን በሳቅ ሲያፈርስ ኖሯል። ሬዲዮ ሲመጣ የቅዳሜው ዝግጅት የእሱ ሆነ። ባንጆ ያስተማረው የሚስቱ የአርዜላ አባት ነው፤ ሙያውንም ልጅቱንም ከአንድ ቤት ይዞ ወጣ።

በዚያ ዓመት ጸደይ ላይ ጣቢያው ማክሰኞ ማክሰኞ በምሳ ሰዓት አዲስ ባንጆ ማሰማት ጀመረ። ስም የለ፣ ቀልድ የለ፣ ዘፈን የለ። አቅራቢው ኮይ ራትሊፍ "የማክሰኞ እንግዳችን" ይልና ዝም ይላል፤ ከዚያ ባንጆው ብቻ ነው።

ከተማው አበደ።

"ሰማኸው ያንን ሰውዬ?" አለው ፀጉር አስተካካዩ ክሊት። "ጣት ነው ያለው ወይስ ዝናብ?"

"ጀማሪ ነው" አለ ሆባርት።

"እንዲህ ያለ ጀማሪ ካለማ አንተ ገና አልተወለድክም!"

ወረፋ የሚጠብቁት ሁሉ ሳቁ። ሆባርትም አብሯቸው ሳቀ፤ ቤቱ ሲደርስ ግን እራት አልበላም።

ቅዳሜ ጣቢያው ሄዶ ኮይን ጥግ አስያዘው።

"ማነው?"

"እንዳልናገር ቃል ገብቻለሁ።"

"ለእኔም?"

ኮይ ዓይኑን ሰበረ። "ላንተማ ጭራሽ።"

ይህች "ጭራሽ" የምትል ቃል ሆዱ ውስጥ ገብታ ቀረች። አርዜላ ከጸደይ ወዲህ ማክሰኞ ማክሰኞ አክስቷ ዘንድ ነው የምትውለው። ሰማያዊ ቀሚሷን ትለብሳለች፤ ከንፈሯን ትቀባለች። ስትመለስ ጉንጯ ቀልቶ፣ ዓይኗ በርቶ ነው። በእሱ ቀልድ መሳቅም ትታለች።

"አክስትሽ እንዴት ናቸው?" ይላታል።

"ደህና ናት።"

"ለእሳቸው ነው ከንፈር የምትቀቢው?"

"ቀልድህን ለቅዳሜ አስቀምጠው፣ ሆባርት።"

አንድ እሁድ የበቆሎ ቂጣውን ከምድጃ እያወጣች አንድ ዜማ ታንጎራጉር ጀመር። ሆባርት ያልሰማው ዜማ በዚያ አገር የለም፤ ይህንን ግን አያውቀውም።

"የት ሰማሽው?"

ደነገጠች። "እኔ እንጃ። ዝም ብሎ መጣልኝ።"

ማክሰኞ ክሊት ዘንድ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ፊቱ በአረፋ ተሸፍኖ ሳለ ሬዲዮኑ ተከፈተ። የኮይ ድምፅ፣ "የማክሰኞ እንግዳችን፣ ዛሬ ማንም ሰምቶት በማያውቅ አዲስ ዜማ!" አለ። ባንጆው ተነሣ።

የአርዜላ ዜማ ነበር።

ማንም ያልሰማውን እሷ ሰምታዋለች። ከየት? ከማን ጉያ? ሆባርት ግማሽ ፊቱ እንደተላጨ ብድግ አለ፣ ምላጩን ከክሊት እጅ መነጨቀና ወጣ።

"ሆባርት! አንተ ሰው፣ ኧረ እብድ አትሁን!"

ጣቢያው ከዚያ ብዙም አይርቅም። መንገደኛው ፊቱ ላይ አረፋውን፣ እጁ ላይ ምላጩን እያየ ገለል አለለት። ደረጃውን በሩጫ ወጣው። ዜማው ከላይ ይወርዳል፤ የሚያምር፣ የሚያቃጥል ዜማ። በዚያ ሁሉ ዓመት እሱ እንዲህ ደርድሮ አያውቅም፤ ይህን ማወቁ ከሚስቱ ክህደት የባሰ አንገበገበው።

ኮይ በሩ ላይ እጁን ዘርግቶ ቆመ። "እባክህ ሆባርት፣ ዛሬ አይሆንም፤ አየር ላይ ነን" አለ በሹክሹክታ።

"እሷም እዚህ ናት አይደል?"

ኮይ የበሩን እጀታ ያዘ።

"አብራው ናት?"

"ሆባርት…"

ገፈተረውና በሩን ከፈተ።

ክፍሉ ውስጥ ወንድ አልነበረም፤ አርዜላ በሰማያዊ ቀሚሷ ብቻዋን ማይክሮፎኑ ፊት ተቀምጣ፣ ዓይኗን ጨፍና ባንጆ ትደረድራለች።